የውሻና የድመት መዳፍ በጨው ሊጥ፦ ሲሰነጠቅ፣ ሲነፋ፣ ሲያልበው

የውሻን ወይም የድመትን መዳፍ አሻራ ለማስታወሻ በጨው ሊጥ ላይ ለማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ያለው ማቡካቱና ማድረቁ ላይ ነው፤ ብልሽቱም የሚመጣው ውሃ ሲበዛ ወይም የገባው ውሃ በጥድፊያ እንዲወጣ ሲደረግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልኩን ያረጋግጡ፦ 2 የሻይ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ የደቀቀ ጨው፣ ከ¾ ብርጭቆ የማይበልጥ ለብ ያለ ውሃ። ውሃው በአንዴ አይገለበጥም፤ ግማሽ ብርጭቆውን አፍስሰው ካሹ በኋላ የቀረውን በማንኪያ ይጨምሩ። 10 ደቂቃ ታሽቶ 20 ደቂቃ ፌስታል ውስጥ ሲያርፍ እንደ ጆሮ ጫፍ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይም አይጣበቅም። ውፍረቱ 1 ሳንቲሜትር እንዲሆን አድርገው ይዳምጡት። ለድመት በቡና ስኒ አፍ የተቆረጠ ክብ ይበቃል፤ ለትልቅ ውሻ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ያስፈልጋል።

አሻራው አልወጣም፣ ወይም አንድ ድፍን ጉድጓድ ሆነ

ጥሩ አሻራ ምን እንደሚመስል ካላወቁ መጥፎውን አይለዩም። በውሻ ላይ አራት ጣቶች፣ ከኋላቸው ትልቁ የመዳፍ ሥጋ፣ ከጣቶቹ ፊት ደግሞ ትንንሽ የጥፍር ነጥቦች መታየት አለባቸው። ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ስለምትሰበስብ ነጥቦቹ አይኖሩም፤ በምትኩ የትልቁ ሥጋ የኋላ ጠርዝ ሦስት ቦታ ጎበጥ ጎበጥ ይላል። ያ ሦስት ጉብታ ከታየዎት ሊጡ ሥራውን ሠርቷል።

ጣቶቹ ተዋህደው ከወጡ በመሃላቸው ያለው ፀጉር ረዝሟል፤ በትንሽ መቀስ ከርከም ያድርጉት። መዳፉ ሲነሳ ሊጡ አብሮ ከተሳበ ውሃው በዝቷል፤ ሊጡ ላይ ዱቄት ጨምረው እንደገና ይሹ፣ መዳፉንም ስስ ፉርኖ ያስነኩት። መሃሉ ብቻ ወጥቶ ጣቶቹ ከጠፉ የተጫኑት እግሩን በጅምላ ነው። ውሻውን ሊጡ ላይ አቁመው ሌላኛውን የፊት እግር ከፍ ቢያደርጉ ክብደቱ ወደ አሻራው ያዘነብላል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጣት ከላይ በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑ። የፊት እግር ከኋላው ሰፋና ክብ ስለሚል እሱን ይምረጡ። ድመትን ግን ወደ ሊጥ መውሰድ ጦርነት መክፈት ነው። ሊጡን በትሪ ይዘው እንቅልፍ እንቅልፍ ወዳላት ድመት ይሂዱ።

የተበላሸ አሻራ ላይ ደግመው አይጫኑ፤ ጠርዙ ድርብ ይሆናል። ጠቅልለው እንደገና ይዳምጡት፤ ሊጡ በዚያው ቀን ደጋግሞ ይሠራል። ላዩ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ጨዉ ሻካራ ነው፤ በሙቀጫ ይውቀጡት።

ሲጨርሱ መዳፉን ለብ ባለ ውሃ ይጠቡ። የቀረ ጨው ቁስል ካለ ያቃጥላል፣ እንስሳውም ይልሰዋል።

ሊጡን በላው

ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ግራም ገደማ ጨው ውሻን ሊገድል ይችላል፤ ምልክቱ የሚጀምረውም ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። ከላይ ባለው ልክ የተቦካ ሊጥ ውስጥ 100 ግራም ገደማ ጨው አለ። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ኃይለኛ ጥም፣ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ምልክት ሳይጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ለማስመለስ ብለው የጨው ውሃ በፍጹም አያጠጡት፤ መርዝ ላይ መርዝ መጨመር ነው። የደረቀውም ቢሆን እንስሳው ከማይደርስበት ቦታ ይሰቀል።

ተሰነጠቀ

ላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ ፊቱ ከውስጡ ቀድሞ ደርቋል ማለት ነው። የበጋ ፀሐይ የሚያርፍበት የኮንዶሚኒየም በረንዳ ለበርበሬ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ስንጥቁ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል ከገባ ግን ሊጡ በደንብ አልታሸም፣ ወይም ሲዳመጥ እጥፋት ቀርቶበታል። ገና እርጥብ ከሆነ ያንኑ ሊጥ በውሃ እንደ አጥሚት አቅጥነው በጣት ይሙሉት። ከደረቀ ኮላ በዱቄት ለውሰው ይሙሉና በቀለም ይሸፍኑት።

እንደ ዳቦ ነፋ

ዱቄቱ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ነበር፣ ወይም ኦቨኑ ጋለ። ብዙ የአሠራር መመሪያዎች 120 ዲግሪ ይላሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹህ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ጨዉ ትንሽ ከፍ ቢያደርገውም በ120 ውስጡ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ይነፋዋል። ከ80 እስከ 90 ዲግሪ፣ በሩን ትንሽ ከፍተው፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያቆዩት። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አይጎዳም፤ ሲመጣ ይቀጥሉ። አረፋው ጀርባው ላይ ከሆነ በመርፌ ይብሱት። አሻራውን ራሱን ካነሳው ግን መዳኛ የለውም።

ተቆለመመ

አንድ ጎኑ ብቻ ደርቋል። እንጀራ ተጋግሮ ባለቀበት ትኩስ ምጣድ ላይ ሲያስቀምጡት የሚሆነው ይኸው ነው። ሰፌድ ላይ አስቀምጠው በቀን ሁለቴ ያገላብጡት፤ አየር ከሥርም ይገባዋል። ያለ ኦቨን ቢያንስ 3 ቀን ይፈልጋል።

ክረምት ሲገባ አላበው፣ ነጭ ነገር ወጣበት

ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ስቦ መሟሟት ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይህን ይዘው ይመጣሉ። ነጩ ነገር ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ሳይሆን ተመልሶ የወጣ ጨው ነው። በእርጥብ ጣት ሲነኩት ሻከር ብሎ ከሟሟ ጨው ነው፤ ፀጉራም ሆኖ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ካለና ከሸተተ ሻጋታ ነው፣ ይጣላል። የጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው በ80 ዲግሪ 1 ሰዓት መልሰው ያድርቁትና ሲቀዘቅዝ በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ይቀቡት። ፊቱን ብቻ ቀብቶ ጀርባውን፣ ጠርዙንና የክር ቀዳዳውን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ እርጥበቱ በዚያ ይገባል።

ክረምትን ጨርሶ የሚንቅ ዕቃ ከፈለጉ ሸክላ ነው። አዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፈር ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን ማግኘት፣ ማስተኮስም ይቻላል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር አሻራው ከመዳፉ አነስ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እሳት ከገባ ይፈነዳል።

እንስሳው ከሞተ በኋላ

ሰውነቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚገተር ከዚያ በፊት፣ ጓንት አድርገው ያንሱት። ያልተከተበና ባህሪው ተለዋውጦ የሞተ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት። እግሩን አያጣምሙ፤ ሊጡን ሳህን ላይ ይዘው ከሥር ወደ መዳፉ ይጫኑት። ሦስት አሻራ በአንድ ጊዜ ያውጡ፤ አንዱ ሲደርቅ ቢሰነጠቅ ተመልሰው የሚያነሱት አይኖርም።