ፋይበርና ሽቦ አልባ ኔትወርክ ሲጣመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን ይቆማል። ጣት የሚቀሰረው አንቴናው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከማማው ጀርባ፣ ማማውን ከማዕከል ጋር የሚያገናኘው መስመር ላይ ነው።

አዲስ ሬዲዮ ሰቅሎ አሮጌውን መስመር መተው። አንድ የ5ጂ ሴክተር (ማማው ከሚሸፍናቸው አቅጣጫዎች አንዱ) ሁኔታው ሲመቸው ከ1 ጊጋቢት በሰከንድ በላይ ያወጣል። ከኋላው ያለው ማይክሮዌቭ (መረጃን በአየር የሚያሳልፍ የሬዲዮ መስመር) በሰከንድ 300 ሜጋቢት ብቻ ካሳለፈ ወጪው ከንቱ ነው።

መስመሩን በተጠቃሚው ፍጥነት መለካት። ሬዲዮው ማማው ላይ ቀርቶ ሲግናሉን የሚያቀነባብረው መሣሪያ ወደ ማዕከል ሲሄድ ሂሳቡ ይቀየራል። 20 ሜጋኸርዝና 2 አንቴና ያለው የ4ጂ ሴል ለተጠቃሚዎች ቢበዛ 150 ሜጋቢት ገደማ ይሰጣል። በተለመደው የሲፕሪ (CPRI፣ በሬዲዮውና በማቀነባበሪያው መካከል ሲግናሉን በፋይበር የሚልክ ስልት) አሠራር ግን ፋይበሩ ላይ 2.5 ጊጋቢት ያህል ይይዛል። ሌሊት አንድም ሰው ሳይጠቀም እንኳ ያው ነው።

ሰዓትን መርሳት። ይሄኛው ነው በጣም የሚያንገበግበኝ፤ ምክንያቱም ራሱን ይደብቃል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተራ በተራ የሚልኩና የሚቀበሉ ጣቢያዎች ሰዓታቸው ከጋራው ማመሳከሪያ ሰዓት ከ1.5 ማይክሮሰከንድ በላይ መዛነፍ የለበትም። ሰዓቱ በፋይበር ሲላክ፣ መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ተብሎ ይሰላል። ብርሃን ፋይበር ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ አንዱ የፋይበር ክር ከሌላው በ1 ኪሎ ሜትር ከረዘመ ሰዓቱ በ2.5 ማይክሮሰከንድ ይሳሳታል። ያኔ አንዱ ጣቢያ ሲያዳምጥ ጎረቤቱ ይጮህበታል። የሬዲዮ ባለሙያዎች ጣልቃ ገብ ሞገድ ፍለጋ ሲንከራተቱ ይሰነብታሉ፤ ጥፋቱ ግን ክሩ ውስጥ ነው። ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ይለኩ።

ኮኔክተር (የፋይበሩን ጫፍ መሰኪያ) ሳያጸዱ መሰካት። «አዲስ ነው፣ አሁን ነው ከፕላስቲኩ ያወጣሁት» ይባላል። ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃል ስፋቱ 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። መክደኛው ራሱ አቧራ ይይዛል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ትታያለች። እሷ ግን ብርሃኑን ልትጋርድ ትበቃለች። አይቶ፣ አጽድቶ፣ ደግሞ አይቶ መሰካት ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ኮኔክተሮችንም አያገናኙ፤ ጫፋቸው በተለያየ ማዕዘን ስለተቆረጠ በትክክል አይገጥሙም።

ዋናውንና መጠባበቂያውን መስመር በአንድ ቦይ መቅበር። አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንዴ ይበጥሳቸዋል። ሁለተኛ የፋይበር መንገድ ካልተገኘ መጠባበቂያው ማይክሮዌቭ ይሁን። ፍሪኩዌንሲው 80 ጊጋኸርዝ ከሆነ ግን ርቀቱን ያሳጥሩ፤ ኃይለኛ ዝናብ ያዳክመዋል።