ህዋስ ፑሪንን ከባዶ መሥራቱን በከባድ ናይትሮጂን እንዴት እናያለን?

የዲኤንኤ ክፍሎች የሆኑት አዴኒንና ጓኒን ፑሪን ይባላሉ። የእንስሳት ህዋስ በሁለት መንገድ ያገኛቸዋል፦ ወይ ከትናንሽ ሞለኪውሎች ከባዶ ይሠራቸዋል፣ ወይ የተሠሩትን ለቅሞ መልሶ ይጠቀማል። ሁለቱን መንገዶች የሚለይልን አይሶቶፕ (ክብደቱ የተለየ የአንድ ንጥረ ነገር አቶም) ነው። በ1940ዎቹ ጆን ቡካናንና ባልደረቦቹ ለእርግቦች በአይሶቶፕ ምልክት የተደረገበት ንጥረ ነገር ሰጡ። ከዚያ ከኩሳቸው ዩሪክ አሲድ አውጥተው አቶሞቹ ከየት እንደመጡ አወቁ። እኛ ህዋስ በሳህን እያሳደግን እንሠራዋለን።

ግሉታሚን (ህዋስ ለፑሪን ናይትሮጂን የሚወስድበት አሚኖ አሲድ) የሌለበት ሚዲየም፣ ማለትም የህዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ ያዙ። አሚድ በሚባለው ክፍሉ ያለው ናይትሮጂን ከባዱ ናይትሮጂን-15 የሆነ ግሉታሚን በዕለቱ ጨምሩበት፤ ምልክታችን እሱ ነው። አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማቆየት ጥሩ አይደለም፤ ግሉታሚን በሙቀት በራሱ ይፈርሳል፣ ምልክት ያለው አሞኒያም ይለቃል።

አሁን ሴረሙ (ሚዲየሙ ላይ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ) ላይ ቆም በሉ። እኔ ተራ የጥጃ ሴረም ተጠቅሜ ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ውጤቱን ሳየው ምልክቱ የለም ማለት ይቻላል። «እነዚህ ህዋሶች ፑሪን አይሠሩም» ብዬ ልጽፍ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ለካስ ሴረሙ ውስጥ ሃይፖዛንቲን የሚባል የተሠራ ፑሪን አለ! ህዋስ ያለቀለት ዕቃ ደጁ ላይ ካገኘ ከባዶ መሥራቱን ይቀንሳል።

ስለዚህ በዲያሊሲስ የተጣራ ሴረም ግዙ። ትናንሾቹ ሞለኪውሎች ታጥበው ወጥተውለታል። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ያዋጣል። ተራውን ሴረም አሳንሶ መጠቀም የሚመርጡ አሉ። እኔ አልወደውም፤ የህዋሱ እድገት ሲዳከም ፑሪን መሥራቱም አብሮ ይዳከማል። ለማረጋገጥ አንዱ ሳህን ላይ ሆን ብላችሁ ሃይፖዛንቲን ጨምሩ። ምልክቱ እዚያ ሳህን ላይ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሚዲየሙን ደፍታችሁ ወዲያው በጣም የቀዘቀዘ ሜታኖል ጨምሩ። ህዋሱን በትሪፕሲን (ከሳህን በሚያላቅቅ ኢንዛይም) ማላቀቅ አያስፈልግም፤ እስኪላቀቅ ድረስ ኤቲፒው (አዴኒን ያለበት የኃይል ሞለኪውል) ይለዋወጣል።

ማስ ስፔክትሮሜትሩ (የሞለኪውል ክብደት መለኪያው) ላይ ከባዶ የተሠራ ኤኤምፒ (አዴኒን ያለበት ሞለኪውል) በ2 የክብደት አሃድ ከብዶ ይታያል፤ ሁለት ናይትሮጂን ከግሉታሚን አሚድ ወስዷልና። ጂኤምፒ (ጓኒን ያለበት ሞለኪውል) ሦስተኛ ስለሚጨምር በ3 ይከብዳል። ሳይከብድ የቀረው የድሮው ክምችት ወይም የተለቀመው ነው።

በ1 የከበደውን ለማመን አትቸኩሉ። ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶው ከተራው በ1 የሚከብደው ካርቦን-13 ነው። ኤኤምፒ ደግሞ 10 ካርቦን አለው፤ ስለዚህ ያለ ምንም ምልክትም 10 በመቶ ገደማው በ1 ከብዶ ይታያል። ምልክት ያልተሰጠው ሳህን ሁልጊዜ አብራችሁ አስለኩና ልዩነቱን አስተካክሉ።