ቁርጥራጭ ብረት ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ስታገኙ

አዳማ ውስጥ ቆራሌው እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር፣ ብረት የሚገዛ ወይም በግራይንደር የሚቆርጥ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን አንብቡለት። «ጦርነቱ እኛ ጋ አልደረሰም» ብሎ መዝናናት አያዋጣም። ብረት ይጓዛል። ማሳ ላይ የተለቀመው ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ አንድ ቀን አይሱዙ ላይ ተጭኖ እናንተ ግቢ ሊራገፍ ይችላል። ደግሞ አገሩ ያየው ጦርነት አንድ አይደለም፦ የ1969ኙ የሶማሊያ ወረራ አለ፣ ከ1990 እስከ 1992 የኤርትራው አለ፣ ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑ አለ። ሁሉም ያልፈነዳ ነገር ጥለው ነው ያለፉት።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናፍርስ። «ዝጓል፣ ሞቷል» ይባላል። አይሞትም። የሚዝገው ቆርቆሮው ነው፣ ውስጡ ያለው ፈንጂ ግን አሥርት ዓመታት ተቀብሮም ኃይሉ አይጠፋም። እንዲያውም ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ጥይት ካልተተኮሰው ይብሳል፤ ምክንያቱም ፊውዙ፣ ማለትም ማፈንጃው፣ ሲተኮስ ለመፈንዳት ተዘጋጅቷል፣ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያዘው። ያ ነገር ደግሞ በአንዲት መዶሻ ሊለቅ ይችላል።

መዶሻ ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመድፍ ጥይት ወገቡ ላይ ቀይ የመዳብ ቀበቶ አለው። መዳብ ከብረት በብዙ እጥፍ ውድ ነው፣ ስለዚህ ቀበቶውን መትቶ ለማውጣት ያጓጓል። የሞርታር ቦምብ የጅራት ክንፍም እንዲሁ ነው፣ ቀለል ያለ ብረት ስለሚመስል ይነቀላል። ሁለቱንም አትንኩ። ቀበቶው ላይ የተፋቀ ጭረት ካያችሁ ጥይቱ ተተኩሷል ማለት ነው፤ ግን ይህን ለማረጋገጥ ብላችሁ አትጠጉ፣ ከሩቅ ካልታየ ይቅር።

እሺ፣ ታየ እንበል። ክምሩ ውስጥ ክብ ወይም ሾጣጣ ነገር ብቅ አለ። ሥራ ይቁም። ግራይንደሩም፣ የጋዝ መቁረጫውም፣ ክምሩን የሚያነሳው ማሽንም ይጥፋ። ሰው ሁሉ በመጣበት በኩል ቀስ ብሎ ይውጣ። ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፣ ነገሩ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ፤ ከግንብ ጀርባ ብትሆኑ ይሻላል። ስልክ የሚደወለው ከዚያ ነው፣ አጠገቡ ቆሞ አይደለም። ፎቶም ቢሆን ከሩቅ ካልሆነ ይቅር። ቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ንገሩ፣ ቦታውን፣ መጠኑንና ቅርጹን ብቻ ግለጹ፤ ፈንጂ አምካኝ መጥራት የእነሱ ድርሻ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁምና ልጆች እንዳይገቡ ይጠብቅ። ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የማይደረጉት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ባጃጅ ላይ ጭኖ ጣቢያ መውሰድ (ቀልድ አይደለም፣ «ለመንግሥት ላስረክብ» ብሎ የሚሸከም አለ)፣ ሽንት ቤት መጣል፣ መቅበር፣ ማቃጠል። «አልገዛም» ብሎ ሻጩን ከነብረቱ መመለስም መፍትሔ አይደለም። ወደ ሌላ ግቢ ነው የሚሄደው።

አሁን ደግሞ ሰሜን መሬት ያላችሁ፣ ወይም ዘመዶቻችሁ ተመልሰው ሊያርሱ ያሰቡ። ፈንጂ የማጽዳት ሥራ እናንተ ከምታስቡት በላይ አሰልቺ ነው። በመጀመሪያ የአካባቢው ሰው ይጠየቃል፣ የት ተዋጉ፣ የት ከብት ሞተ፣ የት ፍንዳታ ተሰማ። ከዚያ ባለሙያው በጠባብ መስመር፣ ብረት መለያ መሣሪያ ይዞ፣ መሬቱን በየስንዝሩ ይፈትሻል። ሚስማርም ቢሆን፣ የጣሳ ክዳንም ቢሆን መሣሪያው ይጮኻል፣ እያንዳንዱ ጩኸት ደግሞ ከጎን በኩል በእጅ በጥንቃቄ ተቆፍሮ መታየት አለበት። የተገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሳ እዚያው እንዲፈነዳ ይደረጋል። ለዚህ ነው አንዲት ማሳ ሳምንታት የምትፈጀው።

ስለዚህ ከማረሳችሁ በፊት ቀበሌውን ጠይቁ፦ ማን ፈተሸው? እስከ ምን ጥልቀት? የርክክብ ሰነድ አለ? ቀይ የራስ ቅል ምልክት፣ ቀይ የተቀባ ድንጋይ ወይም የታሰረ ቀይ ጨርቅ ካያችሁ አትለፉ። ሳታውቁት መሃል ከገባችሁ ቁሙ፣ ጮኻችሁ ሌሎቹን አስቁሙ፣ እርዳታ እስኪመጣ አትንቀሳቀሱ። የወደቀ ሰው ቢኖር እንኳን ሮጣችሁ አትግቡ።

«የጎረቤት በሬ ሲመላለስበት ምንም አልሆነም» የሚለውንም አትቀበሉ። ፀረ ታንክ ፈንጂ በሰው ወይም በከብት ክብደት ላይፈነዳ ይችላል፣ በትራክተር ግን ይፈነዳል።