የቲሸርት አልቦ ስትሠሩ የሚያበላሹባችሁ ነገሮች

ጅማ ላይ ሐሙስ ገበያ ወጥታችሁ ሳልቫጅ ብትገለብጡ ለአልቦ የሚሆን ቲሸርት አታጡም። ኪሮሽ የያዘ እጅም ሞልቷል፤ የቲቪና የሶፋ ዳንቴል የሠሩ እናቶች አሉን። ግን አልቦው የሚሠራበት፣ ከቲሸርት ተቆርጦ የሚወጣ ክር እንደ ዳንቴል ክር አይደለም። አብዛኛው የሚበላሸው ኪሮሹ ሳይነሳ፣ መቀሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ያገኙትን ጨርቅ መቁረጥ ነው። የምንፈልገው ሲሳብ የሚጠቀለል ጥጥ ነው። ፖሊስተር የበዛበት የኳስ ማልያ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አይጠቀለልም፣ ኪሮሹም ላይ ያንሸራትታል። ከተጠራጠራችሁ ከጫፉ ትንሽ ቆርጣችሁ በጥንቃቄ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ይደርቃል። ትልቅ ሥዕል የታተመበትንም ተዉት፤ ሲሳብ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል።

ቀጥሎ የመቁረጫው አቅጣጫ። እኔ አንዷን ቀይ ቲሸርት ከላይ ወደ ታች ሸነሸንኳት። ትርፌ አጫጭር፣ ጠፍጣፋ ቁርጥራጭ ሆነ፤ አልቦው በቋጠሮ ተሞላ። ጨርቁ በደንብ የሚለጠጠው ወደ ጎን ነው፤ ስለዚህ አግድም ይቆረጣል። ከብብት በታች ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅምቅማትም አውጡ። የቀረውን ዘርግታችሁ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሸንሽኑት፣ ግን መጨረሻው ላይ ሦስት ጣት ያህል ሳትቆርጡ ተዉ። ከዚያ ያልተቆረጠውን ክፍል ገልጣችሁ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ቀጣዩ በሰያፍ ቁረጡ። አንድ ረጅም ክር ይወጣል። ክሩን በእጃችሁ ሳብ ሳብ ስታደርጉት ጫፉ ተጠቅልሎ ድቡልቡል ይሆናል።

ስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ይበቃል። 3 ሴንቲ ለቅርጫትና ለምንጣፍ ነው። እግር ላይ ሲሆን ፋሻ ይመስላል።

የዳንቴል ኪሮሽ 1 ወይም 2 ሚሊ ነው፤ ይህን ክር አይጎትትም። 6 ሚሊ አካባቢ ፈልጉ። ካጣችሁ ደግሞ ያላችሁት ጅማ ነው፤ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ኪሮሽ አያቅተውም። የኔን ያስጠረብኩት እንዲያ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ ብቻ የኔ ሥራ ነበር።

ቁርጭምጭሚት ለክቶ ዙሪያውን መዝጋትም አለ። ተረከዝ ከቁርጭምጭሚት እንደሚሰፋ እረስቼ የሠራኋት አልቦ አላልፍ አለችኝ፤ የእህቴ ልጅ አምባር አድርጋ ወሰደቻት። ክፍት አድርጋችሁ በማሰሪያ ወይም በቁልፍ ጨርሱት። ሲደረግ ስለሚለጠጥ ከልኩ 2 ሴንቲ ያህል ይነስ። እግር ወደ ማታ ያብጣልና የምትለኩትም ማታ ይሁን።

ሁለት ክር ስትቀጥሉ አትቋጥሩ፣ እግር ይቆረቁራል። የሁለቱንም ጫፍ ትንሽ ብሱት። ጫፎቹን የአዲሱን ከላይ አድርጋችሁ ደራርቡና የአዲሱን ክር ሌላኛውን ጫፍ ከታች በሁለቱም ቀዳዳ አውጥታችሁ ሳቡት።

የቀለም ነገር እንደኛ ዝናብ ለሚበዛበት ከተማ ቀልድ አይደለም። ቲሸርቱ ሳይቆረጥ ውኃው እስኪጠራ ይታጠብ። ጨው ወይም አቼቶ ቀለም ያስይዛል የሚሉትን አትመኑ። ቀዩን ከነጩ ጋር ደባልቃችሁ ከሠራችሁ በኋላ ቢለቅ መመለሻ የለውም። አልቦው ከረጠበ ደግሞ ጨምቃችሁ ዘርጉት፤ ወፍራም ጥጥ ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቆያል፣ መሽተት የሚጀምረውም ያኔ ነው።