ከእንስሳ የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ሲነገርዎ እንዴት ይፈትሹታል?

አንድ ሰው ካንሰር ይዞታል ከተባለ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ የንብ መርዝ፣ የሻርክ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ዱቄት፣ የጉርጥ መርዝ፣ የግመል ሽንት፣ ማር። አንዳንዱ ወሬ ከጀርባው እውነተኛ ምርምር አለው፤ ዛሬ በሆስፒታል ከሚሰጡት የካንሰር መድኃኒቶች ጥቂቶቹም መነሻቸው እንስሳ ነው። ስለዚህ በጅምላ መቀበልም በጅምላ መጣልም ያሳስታል። የሚያዋጣው የቀረበልዎን ነገር ደረጃ በደረጃ መፈተሽ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የንጥረ ነገሩን ስም ይጠይቁ። መድኃኒት የሚሆነው እንስሳው ሳይሆን ከእሱ ተነጥሎ የወጣና መጠኑ የታወቀ ንጥረ ነገር ነው። ለደም ካንሰር የሚሰጠው ሳይታራቢን በ1969 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ መነሻው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከካሪቢያን የባሕር ስፖንጅ የተገኙ ውህዶች ነበሩ፤ መድኃኒቱን ግን ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ ሠሩት። በ2010 ለተሰራጨ የጡት ካንሰር የተፈቀደው ኤሪቡሊንም ከጃፓን የባሕር ስፖንጅ ከተገኘ ውህድ ተነሥቶ፣ ሙሉ በሙሉ በኬሚስትሪ የሚሠራ ነው።

ትራቤክቴዲን ነገሩን ከሁሉም በላይ ግልጽ ያደርገዋል። የሚገኘው ባሕር ውስጥ ተጣብቆ ከሚኖር ከረጢት መሰል ትንሽ እንስሳ ሲሆን፣ 1 ግራም ያህሉን ለማውጣት 1 ቶን ገደማ እንስሳ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ባክቴሪያ ከሚያመርተው ሌላ ውህድ ተነሥተው ይሠሩታል። ለስላሳ የሰውነት ክፍል ካንሰር ሲሰጥ የተለመደው መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በትልቅ ደም ሥር በገባ ቱቦ 24 ሰዓት ሙሉ እየተንጠባጠበ፣ በየ3 ሳምንቱ። ከደም ሥር ውጭ ቢፈስ ሥጋ ይገድላል፤ ጉበትንም ስለሚጎዳ ከየዙሩ በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል። እንግዲህ "የባሕር እንስሳ ጭማቂ" በብልቃጥ ሲቀርብልዎ፣ ውስጡ ስንት ሚሊግራም ምን እንዳለና ማን እንደለካው ይጠይቁ። መልስ ከሌለ ምርመራው እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ ካንሰሩ የት እንደሞተ ይጠይቁ፤ በብርጭቆ ሳህን ላይ ነው፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው? በሳህን ላይ የካንሰር ሴል መግደል ቀላል ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። ዋናው ነገር ጤነኛው ሴል ጎን ለጎን ተፈትኖ መትረፉ ነው። የንብ መርዝ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜሊቲን የሚባል ከ26 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚገድለውም የሴሉን ሽፋን በመብሳት ነው። ችግሩ የቀይ የደም ሴልን ሽፋንም መብሳቱ ነው። በ2020 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት መርዙ አንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶችን ከጤነኛ ሴሎች ይበልጥ እንደሚያጠቃ አሳይቷል፤ ሥራው ግን በሴሎችና በአይጦች ላይ ነበር። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ራስን በንብ ለማስነደፍ ግን ምክንያት አይሆንም፤ መርዙ አለርጂ ያለበትን ሰው በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል።

የአይጥ ጥናት ካዩ መጠኑን በሰው ክብደት በቀጥታ አያባዙ። የተለመደው ስሌት የአይጡን ሚሊግራም በኪሎ ለ12.3 ማካፈል ነው። አይጡ በኪሎ 50 ሚሊግራም ከተሰጠው፣ ለሰው ተመጣጣኙ በኪሎ 4 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 240 ሚሊግራም አካባቢ። በቀጥታ ያባዛ 3,000 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ከ12 እጥፍ በላይ ስሕተት። ስሌቱ ተመራማሪ የሙከራ መነሻ የሚገምትበት እንጂ ራስን ማከሚያ አይደለም።

ሰው ላይ ተሞክሯል ከተባለ፣ በስንት ሰው፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ? የሻርክ ልም አጥንት ዱቄት የተስፋፋው "ሻርክ ካንሰር አይዘውም" በሚል አባባል ነው፤ ሻርክ ግን ካንሰር ይዘዋል። በ2005 በወጣ ጥናት 83 የካንሰር ሕሙማን ዱቄቱን ወይም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ወሰዱ፤ ዕድሜም አልጨመረ፣ ስቃይም አልቀነሰ። በ2010 ደግሞ ከሻርክ ልም አጥንት የተጣራ መድኃኒት በ379 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ከተለመደው ሕክምና ጋር ተሞክሮ ልዩነት አላመጣም።

አወሳሰዱም ወሳኝ ነው። በ1953 የጊኒ ፒግ የደም ፈሳሽ የአይጦችን የሊምፍ ካንሰር እንደሚያሟሽሽ ታየ፤ ሥራውን የሚሠራው አስፓራጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም መሆኑ በኋላ ታወቀ። ኢንዛይሙ አስፓራጂንን ከደም ያጠፋል፤ ይህን ምግብ ራሱ መሥራት የማይችለው የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሴል ይራባል። ዛሬ ከባክቴሪያ ተመርቶ ለሕፃናት ሉኪሚያ ይሰጣል፤ ሁልጊዜ በመርፌ ነው፤ ቢዋጥ ጨጓራ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። የሚዋጥ መርዝ ወይም የሚዋጥ ፕሮቲን ዕጢ ያጠፋል ሲባሉ ይህን ያስታውሱ።

ማር የተለየ ቦታ አለው፤ ዕጢ አያጠፋም፣ ነገር ግን ለራስና ለአንገት ካንሰር ጨረር በሚወስድ ሰው ላይ የሚደርሰውን የአፍ ቁስል ሊያስታግስ ይችላል። በጥናቶች የተለመደው አጠቃቀም 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ማር ከጨረሩ 15 ደቂቃ በፊት፣ 15 ደቂቃ በኋላና ከ6 ሰዓት በኋላ አፍ ውስጥ አዳርሶ ቀስ ብሎ መዋጥ ነው። ችግር የሚመጣው ከጥርስ ነው፤ ጨረር ምራቅ ስለሚያደርቅ ስኳሩ ጥርስን ቶሎ ያበሰብሳል፤ የጥርስ ሐኪም ክትትልና ፍሎራይድ ያስፈልጋል። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ኬሞ (የካንሰር ሴል የሚገድል የመድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ያልተፈላ ወተት መጠጣት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ጥሬ የግመል ወተትና ሽንት እንዳይጠጡ መክሯል። የጉርጥ መርዝ የልብ ምትን የሚያዛባ ንጥረ ነገር አለው፤ ሰው ገድሏል። ኬሞ ላይ እያሉ ትኩሳትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ ነገ ሳይባል ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አስቀድመው የጀመሩት ነገር ካለ ሐኪምዎን አይደብቁ፤ የምርቱን ስም፣ መጠኑንና የጀመሩበትን ቀን ጽፈው፣ ማሸጊያውንም ይዘው ይሂዱ። ዋናውን ሕክምና ግን አያቋርጡ። በ2018 በወጣ ጥናት ሊድን የሚችል ካንሰር ኖሯቸው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው የተለመደውን ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ነበር፤ በጡት ካንሰር ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ።

አዲስ ነገር መሞከር ከፈለጉ የተመዘገበ ክሊኒካዊ ሙከራ እንዳለ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ትክክለኛ ሙከራ አደጋውን በጽሑፍ ያስረዳል፣ ፊርማዎን ይጠይቃል፣ በፈለጉት ጊዜ እንዲወጡም ይፈቅዳል። ለሚሞከረው መድኃኒት በቅድሚያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅና "ለሐኪምህ እንዳትነግር" የሚል ካጋጠመዎ ይራቁ።