አለርጂ ሲነሳ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምቱ ወጥቶ ነፋሱ ሲበረታ፣ አዳማ ውስጥ ማስነጠስ የማይሰማበት ቤት ጥቂት ነው። ስቃዩን የሚያባብሰው ግን ብዙ ጊዜ አቧራው ሳይሆን እኛ የምንወስደው እርምጃ ነው።

ሁሉንም ጉንፋን ማለት። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። አለርጂ ግን ለሳምንታት ይቆያል፤ አፍንጫና ዓይን ያሳክካል፣ ንፍጡ እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ቤት ሲጠረግ በላይ በላዩ ያስነጥሳል። የሚመጣው ሰውነት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የተባለ የሚያሳክክና የሚያስነጥስ ኬሚካል ሲለቅ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያ የሚገድለውን አሞክሳሲሊን ቢውጡ ምንም አይፈይድልዎትም።

ቅንጬ አረምን በባዶ እጅ መንቀል። መንገድ ዳርና ባዶ ቦታ ላይ የሚበቅለው ይህ ነጭ አበባ ያለው አረም ቆዳን ያሳክካል፣ ብናኙም ያስነጥሳል። ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሰው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ሳያብብ ይንቀሉት። አንዴ ቆዳዎ የተቆጣብዎት ከሆነ ለሌላ ሰው ይተዉት። ቤትም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

«ዴክሳ ውጉኝ» ማለት። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያጠፉ ይወደዳሉ። በተደጋጋሚ ሲወሰዱ ግን ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ፊት ያሳብጣሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ ሰውነቱ ኮርቲዞል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ሊሆን ይችላልና። ሐኪም አስቦበት ለአጭር ጊዜ ሲያዝዘው ሌላ ነገር ነው። ለሚመላለስ የአፍንጫ አለርጂ የተሻለው በአፍንጫ የሚነፋው ስቴሮይድ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚሠራውም እዚያው ነው። ችግሩ ሰዎች ሁለት ቀን ነፍተው «አልሠራም» ብለው መጣላቸው ነው። በየቀኑ ይነፋል፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አፍንጫ ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ግን ከአምስት ቀን በላይ ከቀጠሉ መልሰው ይደፍኑታል።

ክሎርፌኒራሚን ውጦ ባጃጅ መንዳት። ይህ የአለርጂ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል። ሎራታዲን ይሻላል።

ትንፋሽ ሲያጥር ወተት አጠጥቶ መጠበቅ። ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል ከበሉ፣ ንብ ከነደፈዎት ወይም መርፌ ከተወጉ በኋላ ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ደረት ካፏጨ፣ ራስ ካዞረ ደቂቃ አያባክኑ። ሕይወት የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ ክኒን አይተካውም። ታማሚውን አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ያስቀምጡት፤ በእግሩ ግን አያስኪዱት፣ በተገኘው መኪና ጤና ተቋም ያድርሱት። ከተሻለው በኋላም ከሰዓታት ቆይቶ ሊመለስ ስለሚችል እዚያው በክትትል ይቆይ።

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ብሎ ዘመን መቁጠር። እንዲህ ከሚሉ ሰዎች በምርመራ ሲታዩ አለርጂ የሌለባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ናቸው። ይህ ማለት ግን ራስዎ ቀምሰው ይሞክሩት ማለት አይደለም። የመድኃኒቱን ስም፣ ከወሰዱት ከስንት ሰዓት በኋላ ምን እንደሆኑ ጽፈው ለሐኪም ያሳዩ፤ እስኪጣራ ድረስም በታከሙ ቁጥር አስቀድመው ይንገሩ።