ለሰላምታ የሚበቃ ትንፋሽ፦ በጣና ዳር ሶምሶማ ስንጀምር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ቅልጥሟን በመዳፏ ይዛ ነበር። «ሩጫ ጀምሬ እኮ ነው፣ እታለም» አለችኝ። ስንት ቀንሽ ነው አልኳት። «አሥራ ሁለት። በየቀኑ ነው የምሮጠው፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም።»

ሜትሩን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም ልክ እንደ እሷ ጀምሬ በሦስተኛው ሳምንት እግሬን ይዤ ቤት የቀረሁ ሰው ነኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ስጀምር ባሕር ዳር ውስጥ ካለው ሰፈሬ ከሽምብጥ ልጆች ጋር ነበር፤ በአስፋልት፣ ከሳልባጅ በገዛሁት ጫማ፣ በመጀመሪያው ቀን 5 ኪሎ ሜትር። ትንፋሼ በሁለት ሳምንት ተስተካከለልኝ። ያታለለኝም እሱ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፤ የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። ገንብቶ ሳይጨርስ በየቀኑ ከደበደብነው ይሰነጠቃል። «አሁንማ ችያለሁ» የምንለው ትንፋሻችንን ሰምተን ነው። እግራችን ገና ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ነኝ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ስምንት ጊዜ። ለሁለት ሳምንት ከዚህ አትለፉ፣ ቢቀላችሁም። ቀጥሎ 2 ደቂቃ ሩጫ በ2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስድስት ጊዜ፤ እሱንም ሁለት ሳምንት። ከዚያ 3 ለ1፣ ከዚያ 5 ለ1። በአሥረኛው ሳምንት አካባቢ ብዙ ሰው 20 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሮጣል። አንዱ ሳምንት ከከበዳችሁ ድገሙት። ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ ደቂቃ ቁጠሩ። ኪሎ ሜትር የቆጠረ ሰው መፍጠኑ አይቀርም።

ፍጥነቱን የምለካው በሰላምታ ነው። ጧት ሐይቁ ዳር የሚያውቁኝ እናቶች አይጠፉም። «እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት? ልጆችስ?» ብዬ ሳላለከልክ ከጨረስኩ ፍጥነቴ ልክ ነው። «እንደምን» ላይ ከተቆረጠብኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው፤ ቀስ እላለሁ። ከቆላ የመጣችሁ ደግሞ አትደናገጡ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥራል።

የት እንሩጥ? ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው የሐይቅ ዳር መንገድ ለጀማሪ ይመቻል፤ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታንኳዎቹ ከደንገሉ መሀል ሲወጡ እያዩ መሮጥ ለእኔ የቀኑ ምርጡ ሰዓት ነው። ጠርዙ ላይ ደልደል ያለ አፈር ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። የኛ አገር ሯጮች ኮረኮንች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አፈር እንደ አስፋልት እግርን አይመታም። ኮብልስቶን ላይ ግን በእግራችሁ ብቻ ሂዱ፤ ወለምታ እዚያ ነው ያለው። አዲሱ የዓባይ ድልድይም ጥሩ ነው። 380 ሜትር ነው፤ በእርጋታ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንዴ ሮጦ መሻገር፣ ተራምዶ መመለስ። ወለሉ ደረቅ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል። መኪና መንገድ ላይ ከሆናችሁ በግራ በኩል፣ የሚመጣውን ባጃጅ ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ። የቤዛዊትን ኮረብታ ለጊዜው እርሱት። ዳገቱ ባትን ይጎትታል፤ ቁልቁለቱ ጉልበትን ይደበድባል። ከሦስት ወር በኋላ ውጡት፤ ስትወርዱ ግን ተራመዱ።

ጫማ ላይ ሰው ሲሳሳት አዝናለሁ። ሳልባጅ ላይ ውጪው አዲስ የሚመስል ጫማ ይገኛል፤ ውስጡ ግን ለዓመታት ተቀምጦ የደረቀ ይሆናል። ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫኑት፤ ገብቶ ካልተመለሰ ተዉት። ወደ ማታ ግዙ፤ እግር ያን ጊዜ ያብጣልና ትክክለኛው ልክ ይታወቃል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ክፍት ቦታ ይኑር። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልነበር እንዴ?» የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል። ግን አበበ በደንብ የሠለጠነ ሯጭ ነበር። እኛ ከወንበር ነው የተነሳነው።

አሁን ወደ ሕመሙ። በጀማሪ ላይ የሚበዛው የቅልጥም ሕመም ነው። በውስጠኛው ጠርዝ በኩል፣ እንደ መዳፍ ሰፋ ብሎ ያማል፤ ሰውነት ሲሞቅ ይቀላል፣ በኋላ ይመለሳል። ይህ ሲመጣ ሩጫውን አቁማችሁ በእርምጃ ቀይሩት፤ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያዙበት። ስትመለሱ እርምጃችሁን አሳጥሩ። እግር ከሰውነት ርቆ ፊት ለፊት ሲያርፍ ግጭቱን የሚቀበለው ቅልጥምና ጉልበት ነው። አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚል እርምጃ ያድናል።

ግን ሕመሙ በአንድ ጣት የምታሳዩት አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ካመመ፣ በአንድ እግር ስትዘሉ ከወጋ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የኔ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ ቅቤ ቀብተው አሹኝ፣ ባሰብኝ። ወጌሻን አልንቅም። ለወለምታ ስንቴ ደርሰውልኛል። የተሰነጠቀ አጥንት ግን አይታሽም። ራጅ ተነሳሁ፣ «ምንም የለም» ተባልኩ፤ ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ያለ ስንጥቅ በራጅ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ የነገረኝ አልነበረም። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀ ሕመሙን እመኑ፤ ተመልሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ በመጨረሻ ሁለት ወር አረፍኩ፣ ዳነ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ደረጃ ስትወርዱ ወይም ብዙ ተቀምጣችሁ ስትነሱ የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ካመመ፣ ደቂቃውን በግማሽ ቀንሱ፤ የጭን ጡንቻ ማጠንከርም ይረዳል። ጧት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ተረከዝ ከወጋ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ።

እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ከማሽኔ አጠገብ የምሠራው ነው። ጠረጴዛ ይዤ በጣቶቼ እቆማለሁ፣ ቀስ ብዬ ተረከዜን አወርዳለሁ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ከዚያ ወንበር ላይ ሳልደገፍ ቁጭ ብድግ፣ 10 ጊዜ። ቀን እየዘለልኩ ነው የምሠራው። ባት ሲጠነክር ለቅልጥም የሚተርፈው ጫና ይቀንሳል።

በጾም ሰሞን እስከ 9 ሰዓት ለምትቆዩ፣ ሩጫውን ወደ 11 ሰዓት ውሰዱት፤ ከቀመሳችሁና ውኃ ከጠጣችሁ በኋላ። ደቂቃ አትጨምሩ፤ ያለውን መያዝ በቂ ነው። ምስርና ሽሮ አታጓድሉ።

የልጅቷ ሕመም ሰፋ ያለው ዓይነት ነው፤ ነጥብ የለውም። ሁለት ሳምንት እንድታርፍ፣ በእግሯ ስትሄድ ካላመማት በ1 ደቂቃ እንድትጀምር ነገርኳት። «1 ደቂቃ ብቻ?» ብላ ተከፋች። አብረን እንደምንሮጥ ስነግራት ግን እሺ አለች። ሰኞን ቀጥረናል፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጊዮርጊስ በር ላይ።